የጽዳት ኬሚካሎች በድመትና በውሻ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትና የመከላከያው መንገድ

በመቐለ ከተማ በርካታ ቤተሰቦች ውሃን በጀሪካንና በበርሜል አጠራቅመው ይጠቀማሉ። ውሃ በሚገኝበት ዕለት ወለል ይታጠባል፤ መጸዳጃ ቤት ይጸዳል፤ ነጭ ልብስ በበረኪና ይዘፈዘፋል። በዚያው ግቢ ቤት የሚጠብቅ ውሻ፣ እህልን ከአይጥ የምትከላከል ድመትም ይኖራሉ። የጠማው ውሻ በባልዲ የተቀመጠውን ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ሊጠጣ ይችላል። ድመትም ባልደረቀ ወለል ላይ ተራምዳ እግሯን ስትልስ፣ ለወለሉ የተፈሰሰው ኬሚካል ወደ አፏ ይገባል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ጀርም ገዳይ ፈሳሾች ከጤና ተቋማት አልፈው በየቤቱ የተለመዱ ሆነዋል። ጥቅማቸው የማይካድ ነው። ሆኖም አያያዛቸው ካልተስተካከለ ለእንስሳትም ለሕፃናትም አደጋ ናቸው።

የሚያቃጥሉት የትኞቹ ናቸው?

በረኪና፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ፣ የተዘጋ ቱቦ ለመክፈትና ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለው ኮስቲክ ሶዳ፣ የመኪና ባትሪ አሲድ እንዲሁም ውሃ ያልነካው ኖራ አካልን የሚያቃጥሉ ናቸው። ጉዳታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አሲድ ገና ሲነካ ስለሚያቃጥል እንስሳው ብዙ ሳይውጥ ሊተፋው ይችላል። ኮስቲክ ሶዳን የመሰሉት አልካሊዎች በአንጻሩ ሕመማቸው ዘግይቶ ሊሰማ ስለሚችል እንስሳው ብዙ ሊውጥ ይችላል፤ ሥጋውንም እያሟሙ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ። የተጎዳ የምግብ ቧንቧ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ሊያጠብበው ይችላል። በዚህ ምክንያት የዳነ የመሰለ ውሻ ከሳምንታት በኋላ የበላውን መመለስ ሊጀምር ይችላል።

ድመት ከውሻ ይልቅ ለአደጋው የተጋለጠችበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ፀጉሯን በምላሷ የምታጸዳ መሆኗ ነው። ሁለተኛው ጉበቷ ፌኖል የተባለውንና የእርሱን ዘመዶች አጣርቶ ለማስወገድ ያለው አቅም ደካማ መሆኑ ነው። እነዚህ ኬሚካሎች ከውሃ ጋር ሲቀላቀሉ እንደ ወተት ነጭ በሚሆኑ አንዳንድ ጀርም ገዳይ ፈሳሾች ውስጥ ይገኛሉ።

በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ቁመታቸው አጭር የሆነው ድመት፣ ውሻና የሚድህ ሕፃን ከቆመው ሰው የበለጠ ይተነፍሱታል። የእንስሳ ሽንት አሞኒያ ስላለው በቀጥታ በረኪና ማፍሰስም ጎጂ ጋዝ ያስነሳል። አስቀድሞ በውሃና በሳሙና ማጠብ ይገባል።

ለሃጭ ሲያዝረበርብ እብደት ወይስ ቃጠሎ?

አፉ የተቃጠለ እንስሳ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ አፉን በእግሩ ይፍቃል፤ ምግብ ይሸሻል፤ ያስታውካል። ምላሱ ሊቀላ፣ ሊነጣ ወይም ሊላጥ ይችላል። በአንዳንድ ጀርም ገዳይ ፈሳሾች የሚመጣው የአፍ ቁስል ከሰዓታት በኋላ ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ ወዲያው ምልክት አለመታየቱ ሊያዘናጋ አይገባም።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ለሃጭ ማዝረብረብና መዋጥ አለመቻል የእብድ ውሻ በሽታም ምልክቶች ናቸው። በሽታው በአገራችን ያለ ሲሆን ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው። ስለዚህ ኬሚካል የጠጣው ውሻ አብዷል ተብሎ በከንቱ ሊገደል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ያበደውን ውሻ ኬሚካል ጠጥቶ ነው ብሎ አፉን በባዶ እጅ የከፈተ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም። እንስሳው ኬሚካሉን ሲነካ ካልታየ፣ የፈሰሰ ነገርም ካልተገኘ፣ ለብቻው ተዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አደጋው ሲደርስ ምን ይደረግ?

ኬሚካሉ መሆኑ ከተረጋገጠ እንስሳውን ማስመለስ አይገባም። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግም ያቃጥላል፤ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ጨው መስጠት ጉዳቱን ያባብሳል። ወተት በግድ መጋትም እንዲሁ አደገኛ ነው። እንስሳው ነቅቶ በራሱ መዋጥ የሚችል ከሆነ ግን ጥቂት ውሃ ወይም ወተት ቀርቦለት ራሱ ቢጠጣ ኬሚካሉን ለማቅጠን ይረዳል።

ቆዳውን ወይም ዓይኑን ከነካው፣ ጓንት አድርጎ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ኖራን የመሰለ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ግን በመጀመሪያ በጨርቅ ይራገፍ፤ ውሃ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉሩ ታጥቦ እስኪያልቅ እንዳይልስ መከልከልም ተገቢ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚገኝበት ቤት፣ ጽዳት ሲጀመር አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ ለዚህ መተው ይጠቅማል።

ከዚያም የኬሚካሉን ዕቃ ይዞ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ መሄድ ነው። በገጠር ያሉ አርሶ አደሮች የወረዳቸውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይችላሉ። የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም በከተማዋ ይገኛል።

መከላከሉ ቀላል ነው

ከሁሉ በፊት በረኪናም ሆነ አሲድ በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ይህ ልማድ እንስሳን ብቻ ሳይሆን ሕፃናትንም ይጎዳል። ኬሚካሉ በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ባለና በሚዘጋ ቦታ ይቀመጥ። የተበረዘበት ባልዲ ሥራው እንዳለቀ ይደፋ፤ ይታጠብ። ወለሉ በንጹህ ውሃ ታጥቦ እስኪደርቅ እንስሳቱ ውጭ ይቆዩ። በግቢው ጥግ የመጠጥ ውሃቸው ሁልጊዜ ከተቀመጠላቸው ደግሞ ባልዲ ፍለጋ አይሄዱም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከሕክምናው ይልቅ ክዳን መግጠም ይቀላል።