ኢሜይል ሲዘጋ ደብዳቤ በየት በኩል ይሄዳል?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እንደ ማክሰኝት ባለች ከተማ ተቀምጦ የትምህርት ዕድል መልስ የሚጠባበቅ ወጣት ምን እንደ ገጠመው መገመት አያስቸግርም። መልሱ ባሕር ማዶ በሚገኝ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ በስሙ በተከፈተ የመልእክት ሣጥን ደርሶ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ግን ሊያነበው አይችልም። ደብዳቤው አልጠፋም፤ የጠፋው ወደ ደብዳቤው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ትምህርት ቤቱ የቈረጠው የመልስ ቀን ደግሞ መንገድ ተዘጋ ተብሎ ቆሞ አይጠብቅም።

ይህ ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በስልክ የሚላከው አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቈየ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ግን የተዘጉት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ነበር። በዚያን ጊዜ በቴሌግራም የተቸገረ ሰው ጽሑፉን በኢሜይል ለመላክ የሚከለክለው አልነበረም፤ ይህን ያሰበው ግን ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «የተዘጋው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። የአንድ ኩባንያ አገልግሎት ብቻ ነውን? የኩባንያው ድረ ገጽ ብቻ ነውን? ወይስ ኢንተርኔቱ በሙሉ? መድኃኒቱ እንደ በሽታው ይለያያል።

ስለ ድረ ገጹ የቻይናን ነገር መመልከት ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁን ወር 2014 ቻይና ጂሜይልን በድረ ገጽ እንዳይከፈት አደረገች። ሆኖም ብዙ ሰዎች በስልካቸውና በኮምፒዩተራቸው ላይ በጫኑት የደብዳቤ ፕሮግራም አማካይነት መጻጻፋቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱም የድረ ገጹ መግቢያና የደብዳቤው መመላለሻ ልዩ ልዩ በሮች ናቸው። ድረ ገጹ የሚገባው በ443 ቁጥር በር ሲሆን፣ አይማፕ የተባለው የመቀበያ ሥርዓት በ993፣ የመላኪያው ሥርዓት ኤስኤምቲፒ ደግሞ በ465 ወይም በ587 ያልፋል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ እነዚህም በሮች ተዘጉ። ነገር ግን በመካከሉ የነበረው ስድስት ወር ደብዳቤውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመዛወር ከበቂ በላይ ነበር።

በዛሬው ወጣት ዘንድ ኢሜይል ማለት የሚከፈት ድረ ገጽ ማለት ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው በ1971 ሲሆን፣ በድረ ገጽ የሚነበበው ሆትሜይል የተከፈተው በ1996 ነው፤ ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። በአገራችንም ኢንተርኔት በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ክፍል የነበረው ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደብዳቤዎች ይጠራቀሙና በስልክ መስመር ባንድ ጊዜ ተልከው፣ የመጣውም ባንድ ጊዜ ይወሰዳል። ቀኑን ሙሉ የተዘረጋ መስመር አያስፈልግም።

ይህ አሮጌ ጥበብ ዛሬም ይሠራል። እንደ ተንደርበርድ ያለ ነጻ የደብዳቤ ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ የጫነ ሰው ማክሰኝት ተቀምጦ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ የቈዩትን ደብዳቤዎች ማንበብና መልሱን መጻፍ ይችላል። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ደርሶ የብሮድባንድ መስመር ያለው ቤት ካገኘ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ የጻፈው ይሄዳል፣ የመጣለት ይወርዳል። ፕሮግራሙን መጫንና ደብዳቤውን ማውረድ ግን መስመሩ ሳለ የሚሠራ ሥራ ነው።

የአንድ ኩባንያ አገልግሎት ብቻ የተዘጋ እንደ ሆነ ሁለተኛ አድራሻ ያስፈልጋል፤ እርሱም በሌላ ኩባንያ ዘንድ የተከፈተ መሆን አለበት። ሁለት የጂሜይል አድራሻ መያዝ ሁለት ቍልፍ ለአንድ በር እንደ መግዛት ነው። አውትሉክ፣ ያሁና ፕሮቶን ያለ ክፍያ ይከፈታሉ። ፕሮቶን በምስጢር ጥበቃው ይመሰገናል፤ ነገር ግን በጃንዋሪ 2020 ሩሲያ እርሱንም አግዳዋለች፣ በነጻ የሚሰጠውም ከተንደርበርድ ጋር አይገናኝም። ጉግል ደግሞ ሁለት ዓመት ያልተነካ ሣጥን ሊሰርዝ ስለሚችል የተከፈተውን አልፎ አልፎ መጎብኘት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ፣ በእኔ አስተያየት፣ ደብዳቤውን ወደ ሌላ አድራሻ ማሻገር ነው። በጂሜይል ማስተካከያ ውስጥ ይህ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ከተሰጠ፣ ሥራው የሚከናወነው ባሕር ማዶ ባለው ኮምፒዩተር ስለ ሆነ የእኛ መስመር ቢቋረጥም አይቆምም። ከትምህርት ቤቱ የሚመጣውን ብቻ ለይቶ አዲስ አበባ ለሚኖር ወንድም ወይም እኅት እንዲደርስ ማዘዝ ይቻላል፤ ስልክ የሚሠራ ከሆነ እነርሱ ደውለው ያነቡለታል። ያሁ ይህን አገልግሎት ከ2021 ጀምሮ በክፍያ አድርጎታል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ እንዲህ ወደ ግል ሣጥን ከማሻገሩ በፊት አለቃውን ይጠይቅ።

አንድ ነገር ቀረ። በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ሣጥኑን ለመክፈት የሞከረ ሰው «ወደ ስልክህ የላክነውን ቍጥር አስገባ» ሊባል ይችላል፤ ስልኩ ካልሠራ እዚያው ቀረ። ጉግል ለዚህ ጊዜ ዐሥር የመጠባበቂያ ቍጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። በወረቀት አትሞ ከትምህርት ማስረጃው ጋር በአንድ አቃፊ ማኖር ነው።