የበረራ አስተናጋጅነት፦ የሥራው ዕድል በምን ይለካል?

የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን የሚመኙ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሙያውን የሚያውቁት በደንብ ልብሱና በምግብ ጋሪው ነው። የሥራውን ዕድል ለመመዘን ግን በቅድሚያ አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርብናል፤ ለመሆኑ አየር መንገዶች አስተናጋጅ የሚቀጥሩት ለምንድን ነው?

የመልሱ መነሻ ፊዚክስ ነው። አውሮፕላን 10,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲበር የውጪው አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል ነው። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ግን ቢያንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል እንዲሆን ይደረጋል፤ ይህም ለአዲስ አበባ ከፍታ ቅርብ ነው። ይህ ግፊት በድንገት ቢጠፋ፣ ኦክስጅን ያላገኘ ሰው አእምሮው በአግባቡ የሚሠራው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ነው። አስተናጋጅ የራሱን ጭምብል አስቀድሞ እንዲያጠልቅ የሚሠለጥነውም ስለዚህ ነው።

እሳትም ጊዜ አይሰጥም። ትልልቅ አውሮፕላኖች ፈቃድ የሚያገኙት፣ ከበሮቻቸው ግማሹ ብቻ አገልግሎት ቢሰጥ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሃኔዳ አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲቃጠል፣ ከ8 በሮች ለመውጫ የዋሉት 3 ብቻ ነበሩ። የውስጥ መነጋገሪያው ባይሠራም አስተናጋጆቹ መንገደኞቹን በድምፅ ማጉያና በጩኸት መርተው፣ በዚያ አውሮፕላን የነበሩት 379 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወጥተዋል።

በመሆኑም የአስተናጋጆችን ቁጥር የሚወስነው የመስተንግዶ ፍላጎት ብቻ አይደለም። የብዙ አገሮች ደንብ ለየ50 መቀመጫው ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ያዝዛል። 320 መቀመጫ ላለው አውሮፕላን 320 ለ50 ሲካፈል 6.4 ይሆናል፤ ሰው ስለማይከፈል ቁጥሩ ወደ 7 ከፍ ይላል። አውሮፕላኑ ሲበር ሠራተኛው ማረፍ ስላለበት ተፈራራቂ ቡድኖች ያስፈልጋሉ። አምስት ቡድን ቢመደብ ለአንዱ አውሮፕላን 35 ሰው ይፈለጋል ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች እንረዳለን። አንደኛ፣ ደንቡ እስካለ ድረስ ሙያው በቀላሉ በመሣሪያ አይተካም። ሁለተኛ፣ ዕድሉ ከሚበሩት መቀመጫዎች ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሲቆሙ በዓለም ዙሪያ ብዙ አስተናጋጆች ከሥራ ውጪ ሆነዋል።

ለአገራችን ወጣት በሩ ዝግ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አስተናጋጆቹን አዲስ አበባ ላይ ያሠለጥናል፤ የባሕረ ሰላጤው ታላላቅ አየር መንገዶችም ከልዩ ልዩ አገሮች ይቀጥራሉ። ነገር ግን ቅጥሩ የሚመጣው በየወቅቱ ስለሆነ፣ ትምህርትን አቋርጦ ማስታወቂያ መጠበቅ አይመከርም። ቋንቋን ማዳበር፣ ጤናን መጠበቅ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን መማር ግን ቅጥሩ ቢዘገይም የማይባክን ስንቅ ነው። አንድ አየር መንገድ አዲስ አውሮፕላን ማዘዙን የሰማ ተማሪም መቀመጫውን ለ50 ያካፍል፤ የዕድሉን ስፋት በግምት ያገኘዋል።