ሳይስማሙ የተገናኙ ፖርቶች፦ ከአሮጌ ሰርቨር ፋይል ሲገለበጥ ለምን ይንቀራፈፋል?

አዲሱ ስዊች ተተክሏል፤ ኬብሉ ተዘርግቷል፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችም አዲስ ናቸው። የሒሳብ ክፍሉ ፋይሎች ግን አሁንም ያሉት በአሮጌው ሰርቨር ላይ ነው። ከእሱ አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ቀሪው ጊዜ ከደቂቃ ወደ ሰዓት ይዘላል። ፒንግ ሲደረግ ግን ሰርቨሩ ወዲያው ይመልሳል፤ ትንንሽ ሰነዶችም ያለ ችግር ይከፈታሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፦ «ሰርቨሩ አርጅቷል፤ ይቀየር።»

ፍርዱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጥፋቱ በአሮጌውም በአዲሱም ዕቃ ላይ ሳይሆን፣ ሁለቱ ሲገናኙ ባደረጉት ወይም ሳያደርጉት በቀሩት ስምምነት ላይ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ስምምነት የሚያውቅ ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ ዕቃ ወጪ ሊያድን ይችላል።

ስንት መሆን ነበረበት?

«ቀርፋፋ ነው» ከማለት በፊት ትክክለኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የኔትወርክ ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚባለው መስመር ቢበዛ 12.5 ሜጋ ባይት፣ አንድ ጊጋ ቢት የሚባለው ደግሞ 125 ሜጋ ባይት ያሳልፋል። ለአድራሻና ለቁጥጥር የሚውለው ሲቀነስ ለፋይሉ የሚተርፈው በሰከንድ 11 እና 110 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው።

ይህች ትንሽ ስሌት ብቻዋን ብዙ ትናገራለች። ጊጋ ቢት ነው በተባለ መስመር ላይ ፍጥነቱ 11 ላይ ተተክሎ ከቀረ መስመሩ አልተበላሸም፤ በ100 ሜጋ ቢት ነው የተገናኘው። ያኔ ኬብሉን መፈተሽ ነው። 100 ሜጋ ቢት በኬብሉ ውስጥ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች ሁለቱ ብቻ ይበቁታል፤ ጊጋ ቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት ሁለት ጥንዶች የአንዷ ሽቦ ጫፍ በደንብ ካልተነካች ብዙ ካርዶች ራሳቸውን ወደ 100 ዝቅ ያደርጋሉ። ፍጥነቱ ከአንድ ሜጋ ባይት በታች ወርዶ እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለመረዳትም የእነዚህ መስመሮች የጋራ ቋንቋ ወደሆነው ወደ ኤተርኔት ልደት መመለስ ያስፈልጋል።

መደማመጥ ግዴታ የነበረበት ዘመን

ኤተርኔት የተወለደው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ነው። ሮበርት ሜትካፍ ሐሳቡን በማስታወሻ ያሰፈረው ሜይ 22 ቀን 1973 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዴቪድ ቦግስ ጋር ሆኖ ሠራው። መነሻ የሆናቸው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ የሃዋይ ደሴቶችን በሬዲዮ ያገናኙበት አሎሃኔት ነበር።

በመጀመሪያው ኤተርኔት ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ኬብል ይጋሩ ነበር፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 2.94 ሜጋ ቢት ብቻ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከመላክህ በፊት አዳምጥ፤ መስመሩ ጸጥ ካለ ላክ፤ ሁለት ኮምፒውተሮች እኩል ጀምረው ምልክታቸው ከተጋጨ ሁለቱም ያቁሙ፤ ከዚያ እያንዳንዱ በዕጣ የደረሰውን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይሞክር። በዚያ ዘመን ግጭት ብልሽት አልነበረም፤ የአሠራሩ አካል ነበር። ይህ በየተራ የመላክ ዘዴ ሃፍ ዱፕሌክስ ይባላል።

ኋላ ስዊች ሲስፋፋ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ኬብል አገኘ፤ በኬብሉም ውስጥ መላኪያውና መቀበያው ሽቦ ተለየ። መንገዱን የሚጋራ ሌላ ስለሌለ ማዳመጥ አላስፈለገም፤ በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም ተቻለ። ይህ ፉል ዱፕሌክስ ነው፤ በ1997 የኤተርኔት ደረጃ ውስጥ ገባ። ስለዚህ አንዱ አሠራር «ከመላክህ በፊት አዳምጥ» ሲል ሌላው «ማዳመጥ አያስፈልግህም» ይላል። ሁለቱ በአንድ ኬብል ሁለት ጫፍ ላይ ከተገናኙ ችግር መፈጠሩ አይቀርም።

ድርድሩና ዝምታው

ሁለቱ አሠራሮች በአንድ ኬብል ላይ እንዳይገናኙ ተብሎ የተበጀ መላ አለ። በ1995 የ100 ሜጋ ቢት ኤተርኔት ደረጃ ሲወጣ አውቶ ኔጎሲየሽን የሚባል የፖርቶች ድርድር አብሮት መጣ። ኬብሉ እንደተሰካ እያንዳንዱ ፖርት በፈጣን የኤሌክትሪክ ምልክቶች 16 ቢት የሆነች መልእክት ይልካል፤ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ አሠራር መሥራት እችላለሁ እያለ ለሌላው ይነግራል። ከዚያ ሁለቱም ከሚችሉት ውስጥ የተሻለውን ይመርጣሉ። ጉዳዩ ሰው ሳያየው በአፍታ ያልቃል።

ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ካርዶችና ስዊቾች ሁሉ ይህን ድርድር በትክክል አለመሥራታቸው ነበር። ስለዚህ የ1990ዎቹ ባለሙያዎች የራሳቸውን ደንብ አወጡ፦ ሰርቨርን ለድርድር አትተወው፤ ካርዱን በእጅህ 100 እና ፉል ዱፕሌክስ ላይ ቆልፈው። በጊዜው ጥሩ ምክር ነበር። ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ግን ልማዱ ሳይለወጥ ቆየ፤ ሰርቨሩም እንደተቆለፈ ዓመታት ቆጠረ።

አሁን አዲስ ስዊች መጣ እንበል፤ ፖርቶቹ ሁሉ አውቶ ላይ ናቸው። የተቆለፈው ሰርቨር ብዙውን ጊዜ የድርድር መልእክት አይልክም። ስዊቹ ይጠይቃል፤ መልስ የለም። ከሰርቨሩ በሚመጣው ምልክት ዓይነት ፍጥነቱ 100 መሆኑን ይለያል፤ ፉል ይሁን ሃፍ ዱፕሌክስ ግን ከምልክቱ ሊያውቅ አይችልም። ሲጠራጠር ሃፍ ዱፕሌክስ እንዲይዝ ደረጃው ያዘዋል፤ እሱም ይይዛል። ከዚህ በኋላ ሰርቨሩ ፉል፣ ስዊቹ ሃፍ ሆነው ይቀጥላሉ። መብራቱ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ነው፤ ፍጥነቱም በሁለቱም በኩል 100 ተብሎ ይጻፋል።

አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ አንዱ ሾፌር ቆሞ አይቶ የሚገባ፣ ሌላው ደግሞ ሰፊ መንገድ ነው ብሎ ሳያይ የሚገባ ቢሆን የሚደርሰው ይኸው ነው። ስዊቹ እየላከ ሳለ ሰርቨሩ መላክ ይጀምራል። ስዊቹ ይህን እንደ ግጭት ቆጥሮ የጀመረውን ያቋርጣል፤ ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው የተቆረጠ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ነው። ግጭቱ የመጀመሪያዎቹ 512 ቢቶች ካለፉ በኋላ ከደረሰ ደግሞ ስዊቹ ያን ፓኬት እንደገና አይልከውም፤ ጠፍቶ ይቀራል። ሰርቨሩ በበኩሉ ስለማያዳምጥ የላከው ሁሉ የደረሰ ይመስለዋል።

ፒንግ ለምን ያታልላል?

ፒንግ ትንሽ ፓኬት ነው፤ በዊንዶውስ የሚሸከመው 32 ባይት ብቻ ነው፤ የሚላከውም በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። ጥያቄው ደርሶ ካበቃ በኋላ መልሱ ይነሣል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ አይገናኙም። ስለዚህ የታመመው መስመር በፒንግ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ግን ሁኔታው ይለወጣል፦ በአንዱ አቅጣጫ መረጃው ይጎርፋል፤ በሌላው አቅጣጫ የ«ደርሶኛል» መልሶች ይመለሳሉ፤ ግጭቱም ያለማቋረጥ ይሆናል።

ከዚህ ላይ የፓኬቶችን መላክና መድረስ የሚቆጣጠረው የቲሲፒ ፕሮቶኮል ጠባይ ይጨመርበታል። በኦክቶበር 1986 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል፣ 400 ያርድ በማትበልጥ ርቀት ላይ፣ በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ተጨናንቆ ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን ነገሩን መርምሮ በ1988 መፍትሔውን አሳተመ፦ ፓኬት ከጠፋ መንገዱ ተጨናንቋል ማለት ነውና ላኪው ፍጥነቱን ይቀንስ። ኢንተርኔት እስካሁን የቆመው በዚህ ጨዋነት ጭምር ነው። በእኛው ኬብል ላይ ግን ፓኬቱ የሚጠፋው በመጨናነቅ ሳይሆን በአለመስማማት ነው፤ ቲሲፒ ይህን መለየት ስለማይችል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እንደገና ይጠፋበታል፤ እንደገና ይቀንሳል። መልስ ጠብቆ ዝም ማለትም አለ። በሊኑክስ ትንሹ የጥበቃ ጊዜ 200 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ100 ሜጋ ቢት መስመር በዚያ ዝምታ ብቻ 2.5 ሜጋ ባይት ያልፍ ነበር።

ስዊቹም፣ ሰርቨሩም፣ ቲሲፒም የታዘዙትን ነው የሠሩት። እያንዳንዱን ለብቻ የመረመረ ሰው ጥፋት የማያገኘው ለዚህ ነው።

ምርመራውና ፈውሱ

ማስረጃው ያለው በስዊቹና በሰርቨሩ ቆጣሪዎች ላይ ነው። ፉል በሆነው ወገን የሲአርሲ ስህተትና የተቆረጡ ፓኬቶች ቁጥር ይጨምራል፤ ሃፍ በሆነው ወገን «ዘግይቶ የደረሰ ግጭት» የሚለው ቆጣሪ ይጨምራል። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ሁለቱ አብረው ከጨመሩ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በሊኑክስ ኢዝቱል የሚባለው ትእዛዝ ፍጥነቱንና ዱፕሌክሱን ያሳያል፤ በዊንዶውስ ደግሞ በኔትወርክ ካርዱ ዝርዝር ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል።

ፈውሱ ወጪ የለውም፦ ሁለቱንም አውቶ ላይ ማድረግ። አሮጌው ካርድ በትክክል መደራደር ካልቻለ ሁለቱንም በእጅ አንድ ዓይነት አድርጎ መቆለፍ። አንዱን ቆልፎ ሌላውን አውቶ ላይ መተው ግን በምንም ምክንያት አይገባም። ጊጋ ቢት በመዳብ ኬብል ላይ በ1999 ሲደነገግ ድርድሩ ግዴታ ሆኗል፤ ስለዚህ ለአዲስ ዕቃ አውቶ ማለት ትክክለኛው ሥርዓት ነው። አንዳንድ የ10 ጊጋ ቢት ፖርቶች ደግሞ ወደ 100 ጭራሽ አይወርዱም፤ ለእነዚህ በመካከል ተራ የጊጋ ቢት ስዊች ማስገባት ይበቃል።

ሌሎች ተጠርጣሪዎች

ዱፕሌክሱ ልክ ሆኖም ዝግታው ከቀጠለ ኔትወርኩን ከዲስኩ መለየት ያስፈልጋል። አይፐርፍ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስክ ሳይነካ ከአንዱ ኮምፒውተር ሜሞሪ ወደ ሌላው መረጃ እየላከ መስመሩን ብቻ ይለካል። አይፐርፍ ጥሩ ቁጥር ከሰጠና ኮፒው ቀርፋፋ ከሆነ ኔትወርኩ ነጻ ነው፤ ምርመራው ወደ ሰርቨሩ ውስጥ ይዙር። በአሮጌ ሰርቨር ውስጥ የተለመደው የ32 ቢት ፒሲአይ መንገድ በሰከንድ 133 ሜጋ ባይት ቢበዛ ያሳልፋል፤ ይህንንም የኔትወርክ ካርዱና የዲስክ መቆጣጠሪያው ሊጋሩት ይችላሉ። እዚያ ላይ የጊጋ ቢት ካርድ መሰካት ስሙን እንጂ ሙሉ ፍጥነቱን አያመጣም። ደግሞም አሥር ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ከአንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ይዘገያሉ፤ እያንዳንዱን መክፈት፣ መጻፍና መዝጋት የራሱ ጊዜ አለውና። ወደ አንድ የታሸገ ፋይል ጠቅልሎ መላክ ብዙውን ዝግታ ያስቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፋይል መጋሪያው ቋንቋ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የሚናገረው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ነው፤ ከመቶ በላይ ትእዛዞች ያሉት፣ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ የሚሄድ ፕሮቶኮል ነበር። ከዊንዶውስ ቪስታና ከሰርቨር 2008 ጋር የመጣው ሁለተኛው ኤስኤምቢ ትእዛዞቹን ወደ 19 ቀነሰ፤ ብዙ ጥያቄዎችንም በአንድ ላይ መላክ ቻለ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከአሮጌው ሰርቨር ጋር እንዲግባባ ብሎ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ማብራት ጥሩ አይደለም፤ በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የገባው በዚያ በር ነው።

የፓኬት መጠንም አለ። ተለምዶው 1500 ባይት ነው፤ አንዳንዶች ለፍጥነት ብለው አዲሱን ዕቃ 9000 ላይ ያደርጉታል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ዕቃ ይህን ካልተቀበለ ትንንሹ ያልፋል፤ ትልቁ ይቀራል። እንዳይቆራረጥ የታዘዘ 8972 ባይት ፒንግ ካላለፈና 1472 ካለፈ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

በመጨረሻ ርቀት። አሮጌ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኙ በመንገድ ላይ የሚያቆዩት መረጃ ከ65,535 ባይት አይበልጥም። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ይህ አይሰማም። መልእክት ደርሶ እስኪመለስ 50 ሚሊ ሰከንድ በሚፈጅበት ቅርንጫፍ ላይ ግን አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከ1.3 ሜጋ ባይት አይዘልም፤ የመስመሩ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ተጨማሪ ባንድዊድዝ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለዚህ የግዥ ጥያቄ ጠረጴዛቸው ላይ የሚደርስ ኃላፊዎች ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በኬብሉ ሁለት ጫፍ የተመዘገበው ፍጥነትና ዱፕሌክስ ምንድን ነው? የስህተት ቆጣሪዎቹ ምን ያሳያሉ? አይፐርፍ ስንት ሰጠ? ሦስቱም መልስ ካገኙ በኋላ ሰርቨሩ በእርግጥ አቅም አንሶት ከተገኘ ይቀየር። መልስ ሳይኖር የሚገዛ አዲስ ሰርቨር ግን የድሮው ቅንብር ከተገለበጠበት ያንኑ ዝግታ ይዞ ይቀጥላል።