ቻንዲጋርን በሁለት ቀን

ለሕክምና፣ ለንግድ፣ ወይም በትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ ዴልሂ የሚሄዱ መንገደኞች፣ ዋናው ጉዳያቸው ከተፈጸመ በኋላ የሚተርፋቸውን ሁለትና ሦስት ቀን በምን እናሳልፈው ብለው ሲያማክሩን፣ እኛ ጉዞ በማሰናዳት ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ከልማድ የተነሣ አስቀድመን የምንጠራላቸው የአግራውን ታጅ ማሐል ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጠያቂው መሐንዲስ፣ ወይም የማዘጋጃ ቤት ሹም፣ ወይም ስለ ከተማ አቈራቈር ማሰብ የሚወድ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ከዴልሂ በስተ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሺዋሊክ ኰረብቶች ግርጌ ወደ ተመሠረተችው ወደ ቻንዲጋር እመራዋለሁ።

የከተማዪቱ ልደት ከኀዘን የወጣ ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በ1947 ህንድ ስትከፈል የፑንጃብ ጥንታዊት ርእሰ ከተማ ላሆር ወደ ፓኪስታን ድርሻ ስለ ሄደች፣ ለቀረው ፑንጃብ አዲስ የመንግሥት መቀመጫ ማነጽ ግድ ሆነ። ንድፉን በመጀመሪያ የያዙት አሜሪካዊው አልበርት ማየርና በትውልድ ፖላንዳዊ የሆነው ማቲው ኖቪትስኪ ነበሩ፤ ኖቪትስኪ በ1950 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ ግን ሥራው ወደ ሕንፃ ንድፍ አውጪው ወደ ለ ኮርቢዚዬ ተላለፈ፤ እርሱም ከዘመዱ ከፒየር ዣነሬ፣ እንዲሁም ከእንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ከማክስዌል ፍራይና ከጄን ድሩ ጋር ሆኖ፣ ከተማዪቱን በሰው አካል አምሳል ሠራት፤ የመንግሥቱ አደባባይ ርእስ፣ የገበያው ማዕከል ልብ፣ አረንጓዴው ሸለቆ ሳንባ፣ ጎዳናዎቹም የደም ሥር ይሆኑ ዘንድ።

የጉብኝቱን መርሐ ግብር የሚያዘጋጅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቀው የሚገባው ካርታው ነው። ሴክተር የሚባለው እያንዳንዱ ሰፈር 800 ሜትር በ1200 ሜትር ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ቍጥሮች በእግር ሲሄዱባቸው ፀሐይና ላብ ናቸው፤ በዚህም ላይ ሴክተሮቹ ፊታቸውን ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ወደ ዐቢዩ ጎዳና አድርገው የተሠሩ በመሆናቸው፣ በታክሲ ብቻ የሚዘዋወር እንግዳ ከዛፍና ከአጥር በቀር የሚያየው ሳይኖር፣ ከተማዪቱ ባዶ ናት ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ መንገደኛው ከአንዱ ሴክተር ውስጥ ማደሪያ ይዞ፣ ጠዋት በመካከሉ በሚያልፈው የሱቆች መንገድ በእግሩ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ለእኔ ይህ ከማናቸውም ሐውልት የሚበልጥ ትምህርት ነው። (ሐውልት ካነሣን ዘንድ፣ የከተማዪቱ መሥራቾች ለግለሰብ ሐውልት እንዳይቆም የሚከለክል ዐዋጅ ትተውላታል፤ እኔ በዚህ ነገር አመሰግናቸዋለሁ።)

ሁለተኛው ጉዳይ የሳምንቱ ቀን ነው። በሴክተር 1፣ በመንግሥቱ አደባባይ፣ የሚገኙት ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤትና ታላቁ የጽሕፈት ቤቶች ሕንፃ በ2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ቢሆኑም፣ ሁለቱ ክፍላተ ሀገር ፑንጃብና ሃርያና እስከ ዛሬ በአንድነት መንግሥታዊ ሥራቸውን የሚያካሂዱባቸው ስለ ሆኑ፣ እንበለ መሪና ከተወሰነው ሰዓት ውጭ አይገባባቸውም፤ የሴክተር 10 ቤተ መዘክር ደግሞ ሰኞ ይዘጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ከዴልሂ በሻታብዲ ባቡር ተነሥቶ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጕዞ፣ የረቡዕን ማለዳ ለአደባባዩ ማዋል ርቱዕ ነው። በዚያው በነፋስ የሚዞረው፣ 26 ሜትር ከፍታ ያለው፣ «የተዘረጋው እጅ» የተባለው ምልክት የቆመው በ1985፣ ንድፉን ያወጣው ለ ኮርቢዚዬ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። አደባባዩ ግን፣ ልዕልናው የሚያስገርመውን ያህል ጥላ የሚባል ነገር የሌለው፣ እግረኛን ያላሰበ ሥፍራ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ።

ከዚያው ሳይርቁ፣ ያን ሁሉ ሥርዓት በልቦናቸው እንደ ያዙ፣ ወደ ኔክ ቻንድ የድንጋይ አጸድ መግባት ይገባል። ኔክ ቻንድ በመንግሥት ሥራ የመንገድ ተቈጣጣሪ የነበረ ሰው ነው፤ ከ1957 ጀምሮ፣ ለከተማዪቱ ቦታ ለመልቀቅ ከፈረሱት መንደሮች ፍርስራሽ፣ ከሸክላ ስባሪና ከተሰበረ የእጅ አምባር፣ በደን ውስጥ በስውርና እንበለ ፈቃድ የሰውና የእንስሳ ምስሎችን እያበጀ፣ ዓመታት አሳለፈ። ሹማምንቱ በደረሱበት ጊዜ፣ ሕጉ ይፍረስ የሚል ሲሆን፣ ሕዝቡ ስለ ደገፈው አጸዱ በ1976 ለሁሉ ተከፈተ፣ ለሠሪውም ደመወዝና ሠራተኞች ተሰጡት። እያንዳንዱ ጎዳና በመለኪያ በተሠራባት ከተማ፣ ከንድፉ ውጭ የበቀለው ይህ ሥፍራ ከተወደዱት ሁሉ አንዱ መሆኑን የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሁሉ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ምሽቱን በ1958 ወንዝ ተገድቦ በተሠራው በሱክና ሐይቅ ዳር መመላለስ ነው፤ የዣነሬ ዐመድ የተበተነው በዚህ ውሃ ላይ ነው።

በማግሥቱ በሴክተር 10 የሚገኘውን ቤተ መዘክር፣ ከላሆር ቤተ መዘክር በክፍፍሉ ጊዜ ለህንድ የደረሰውን 40 በመቶ ድርሻ የያዘውን፣ ከዚያም በሴክተር 16 ያለውን የጽጌረዳ አታክልት፣ በመጨረሻም በሴክተር 17 ያለውን ገበያ መጎብኘት ይቻላል፤ ሦስቱ ተጎራባች ናቸውና እግር ይበቃቸዋል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ጉም ባቡሩን ስለሚያዘገይ፣ የካቲትንና ኅዳርን ይምረጡ። የተራራዋን ከተማ ሲምላን በዚሁ ሁለት ቀን ውስጥ ጨምርልን ለሚሉኝ አልጨምርም፤ ተራራው የራሱን ቀን ይሻል። ፓስፖርትዎን ግን አደራ፣ በሆቴል ትተው አይውጡ፤ ያለ እርሱ በሴክተር 1 በር አያስገቡዎትም።