ሩቅ ያለ ባሕር ሲቀዘቅዝ

 

ዛሬ የምንማረው ስለ ድርቅ ነው። ድርቅ ማለት ዝናብ በወቅቱ ሳይዘንብ ሲቀር፣ ወይም ከሚገባው በጣም ሲያንስ የሚመጣ ችግር ነው። አንድ ዓመት ብቻ የሚቆይ ድርቅ አለ። ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቆይም አለ። ታዲያ እንዲህ ያለው ረጅም ድርቅ መነሻው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ባሕር ሊሆን ይችላል ብትባሉ ታምናላችሁ? እስቲ አብረን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌላችኋለሁ።)

በገደል ውስጥ የተሠሩ ቤቶች

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ሜሳ ቨርዴ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የጥንት ፑዌብሎ ሕዝቦች 700 ዓመት ያህል ኖረዋል። በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ያመርቱ ነበር። ከ1190ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በገደሉ ግድግዳ ላይ ባሉ ትልልቅ ዋሻዎች ውስጥ የድንጋይ ቤቶች ሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው 150 ያህል ክፍሎች አሉት።

ግን 1300 ገደማ ሲሆን አካባቢው ሰው አልባ ሆነ። ሕዝቡ ቤቱን ትቶ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና ይኖራሉ።

ለምን ሄዱ? በመካከላቸው ጠብና ውጊያም ነበር። አንዱ ትልቅ ምክንያት ግን ከ1276 እስከ 1299 የቆየው ድርቅ ነው። እናንተ ስትወለዱ ድርቅ ቢጀምርና ዩኒቨርሲቲ እስክትጨርሱ ባይለቅ ማለት ነው! የትኛውም ጎተራ ይህን ያህል ጊዜ አይችልም።

ዛፍ መዝገብ ይይዛል

ያን ጊዜ ዝናብ የሚለካ ሰው አልነበረም። ታዲያ ዓመቱ በምን ታወቀ? በዛፍ ነዋ! ዛፍ ልክ እንደ ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ በየዓመቱ መዝገብ ይይዛል። የተቆረጠ ግንድ ስታዩ ክብ ክብ መስመሮች አሉት አይደል? ብዙ ጊዜ አንዱ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። በደረቅ አገር፣ ዝናብ ሲበዛ ቀለበቱ ሰፊ ይሆናል፤ ዝናብ ሲጠፋ ይጠባል።

አንድሩ ኤሊኮት ዳግላስ የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ ከጥንት ቤቶች ጣሪያ የተገኘ እንጨት ሰብስቦ፣ ቀለበቶቹን በሕይወት ካሉ ዛፎች ቀለበት ጋር አስተያየ። በመካከል የጎደለ ዘመን ስለነበረ ሁለቱን ማገናኘት አልቻለም ነበር። በ1929 ግን በአሪዞና አንድ የከሰለ ግንድ ተገኘና የጎደለውን ሞላለት። ያ ሁሉ ዘመን በአንድ ቁራጭ እንጨት ተገናኘ።

ባሕሩ ምን አደረገ?

አሁን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንሂድ። በምድር ወገብ አካባቢ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። በደቡብ አሜሪካ በኩል ደግሞ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። አንዳንድ ዓመት ነፋሱ ይበረታና ቀዝቃዛው ውሃ ብዙ ቦታ ይይዛል። ይህ ላኒና ይባላል፤ በስፓኒሽ “ልጅቷ” ማለት ነው። ነፋሱ ደክሞ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ኤልኒኞ፣ “ልጁ” ይባላል።

ሙቅ ባሕር ብዙ እንፋሎት ወደ ሰማይ ይልካል፤ እንፋሎቱም ደመና ይሆናል። የሙቁ ውሃ ቦታ ሲለወጥ ከፍ ብለው የሚነፍሱት ነፋሶችም መንገዳቸውን ይለውጣሉ። በላኒና ጊዜ ለደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ዝናብና በረዶ የሚያመጣው የክረምት ደመና ወደ ሰሜን ያልፋል፤ ደቡቡ ይደርቃል።

ላኒና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቆይቶ ያልፋል። ባሕሩ ለብዙ ዓመታት ወደ ቅዝቃዜ ሲያደላ ግን ድርቁም ይረዝማል። ብዙ ተመራማሪዎች በጥንት ዘመን ለነበሩት ረጃጅም ድርቆች አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው ይላሉ። የአትላንቲክ ውቅያኖስ መሞቅም ይጨመርበታል።

ቅዝቃዜው ብዙ እንዳይመስላችሁ! በ1930ዎቹ በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ከባድ ድርቅ ነበረ። የታረሰው አፈር እየተነሣ ሰማዩን አጨለመው፤ ብዙ ገበሬዎች ተሰደዱ። በ2004 የናሳ ተመራማሪዎች ድርቁን በኮምፒዩተር ሲያጠኑ፣ ፓስፊክ ትንሽ ቀዝቅዞ አትላንቲክ ትንሽ ሞቆ እንደነበረ አሳዩ። ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳን አይሞላም!

አገራችንንስ ይነካል?

አዎ። ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ የሚከፋው ኤልኒኞ ነው። በ2015 ኃይለኛ ኤልኒኞ በነበረ ጊዜ ዝናቡ ቀረና ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። ላኒና ደግሞ በደቡብና በምሥራቅ ያሉትን አርብቶ አደሮች ይጎዳል።

በአሜሪካም ድርቁ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ከ2000 እስከ 2021 ያሉት 22 ዓመታት፣ ቢያንስ ከ1,200 ዓመት ወዲህ ከነበሩት ሁሉ የደረቁ እንደነበሩ የዛፍ ቀለበቶች አሳይተዋል። አሁን የምድር መሞቅ አፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል።

የሜሳ ቨርዴ ገበሬዎች ስለ ሩቁ ባሕር የሚነግራቸው አልነበረም። ዛሬ ግን በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ መሣሪያዎችና ሳተላይቶች የውሃውን ሙቀት ይለካሉ። ኤልኒኞ ወይም ላኒና ሲመጣ ከወራት በፊት መናገር ይቻላል። ማስጠንቀቂያውን በጊዜ ሰምቶ እህልና መኖ ያዘጋጀ ሰው ልጆቹንና ከብቶቹን ያተርፋል። ባሕሩን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አዳዲስ ቃላት
ጎተራ፦ እህል የሚቀመጥበት
እንፋሎት፦ ውሃ ሲሞቅ ወደ ላይ የሚወጣው
አርብቶ አደር፦ ከብት በማርባት የሚኖር ሰው
መኖ፦ የከብት ምግብ

ጥያቄዎች
1. ጠባብ የዛፍ ቀለበት ምን ይነግረናል?
2. በላኒና ጊዜ የክረምቱ ደመና ወዴት ይሄዳል?
3. እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን “ዝናብ የቀረበት ዓመት ታስታውሳላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በአምስት መስመር በአማርኛ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አምጡ።

ቸር ሰንብቱ!