ለብርቱው አሮጌ መኪና አስቀድሞ እግሩን

በአሜሪካን አገር በ1960ዎቹ ዓመታት የተሠሩት፥ በቀላል አካል ላይ ብርቱ ሞተር የተጫነባቸው ኦቶሞቢሎች ዛሬም በብዙ ቤት እንደ ቅርስ ተጠብቀው ይኖራሉ፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋሉ። (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ባለቤቱም ጥቂት ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚመኘው የሞተሩን ጉልበት መጨመር ነው። እኛ ግን በኋላው ወንበር የሚቀመጡትን ልጆች እያሰብን፥ ይህ ምኞት ተራውን ይጠብቅ እንላለን። በቀጥታ መንገድ የሚበር መኪና ሁሉ በጠመዝማዛው ይታዘዛል ማለት አይደለምና።

ለምሳሌ ሙስታንግ የተባለውን እንውሰድ። የፎርድ ኩባንያ ይህን ኦቶሞቢል በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ያሳየው አፕሪል 17 ቀን 1964 ነው። መልኩ አዲስ ቢሆንም እግሩ ፋልከን ከተባለው ርካሽ የቤተ ሰብ መኪና የተወሰደ ነበር። እግር የምንለው ሞላውን፥ ባሌስትራውን፥ አሞርዛተሩንና ጎማውን የሚይዙትን ክንዶች ነው። ከፊት ሞላው በላይኛው ክንድ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላ ወጥ የሆነው አክስል በባሌስትራ ታስሯል። መኪናው ፈጠን ብሎ በታጠፈ ጊዜ አካሉ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የውጩም ጎማ ከአካሉ ጋራ አብሮ ስለሚያዘነብል መሬቱን በሙሉ ገጹ መርገጡ ቀርቶ በጠርዙ ይረግጣል። ነጂው መሪውን ያዞራል፤ የመኪናው አፍንጫ ግን ወደ ፊት መሄዱን አይተውም። ማታ፥ በዝናብ፥ ከነቤተ ሰብ ሲሆን ይህ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም።

መድኃኒቱ ከወጪው ይልቅ ብልሃቱ የሚያስደንቅ ነው። ክላውስ አርኒንግ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ ያሰበውን፥ ካሮል ሼልቢ ጂቲ 350 በተባለው የ1965 ሙስታንግ ላይ ፈጸመው፤ ይኸውም የላይኛው ክንድ የሚታሰርበትን ቀዳዳ አንድ ኢንች ያህል ወደ ታች ማውረድ ነው። በየጎኑ ሁለት፥ በጠቅላላው አራት ቀዳዳ ብቻ! ክንዱ ከዝቅተኛው ስፍራ ሲወዛወዝ የውጩን ጎማ ራስ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጎማውም መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ሼልቢ ከዚህ ጋራ የአካሉን ማዘንበል የሚከለክል ወፍራም የብረት ዘንግ፥ ኮኒ የተባለውን አሞርዛተርና የፊት ዲስክ ፍሬን ጨመረ። የሚያሳዝነው፥ ክንዱን የማውረዱ ሥራ ወጪ ለመቀነስ ሲባል በ1966ቱ ሞዴል መካከል ቀረ። ከአንድ ኢንች አብልጦ ለማውረድ የሚደፍር ሰው ግን በክንዱ ጫፍ ያለው ቴስቲና ከልኩ በላይ ተጣምሞ እንዳይያዝ ይጠንቀቅ።

መሰርሰሪያ ከመነሣቱ በፊት፥ ሞላው የተደገፈበት ግንብ መሰል ብረት በዝገት አለመበላቱንና አለመሰንጠቁን መመርመር ያስፈልጋል። የደረቀው የጎማ ቦኮላ፥ የላላው ቴስቲና፥ የደከመው አሞርዛተር ሳይለወጥ ቀዳዳ መብሳት ከንቱ ድካም ነው። ሞላው በጠነከረ መጠን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። ከመጠን ያለፈ ጠንካራ ሞላ በጎርባጣ መንገድ ላይ ጎማውን ያዘልለዋል፥ የዘለለ ጎማም መሬት አይይዝም፤ ልጆቹንም ያስታውካቸዋል።

ስለ ሞላው አጥብቀን የምንናገረው ሌላ ነገር አለ። የተጨመቀ ሞላ ከመያዣው ያመለጠ እንደ ሆነ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለዚሁ መኪና በተሠራው መጭመቂያ ብቻ ይውጣ፤ በሽቦና በሰንሰለት አስሮ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። አባት ይህን ሲሠራ እናት ልጆቹን ከጋራዡ ታርቅ፤ ማየት የሚወዱ ቢሆኑም እንኳ።

የጎማው አቋቋምም እንደ ቀድሞው መጽሐፍ አይስተካከል። ፋብሪካው ያን ልክ የወሰነው ክሮቹ በሰያፍ ለተደራረቡበት ለዚያ ዘመን ጎማ ነው። ለዛሬው ራዲያል ጎማ የፊተኛው ጎማ ራስ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ቢያዘነብል ይስማማዋል። ፍሬኑንም አንርሳ፤ እስከ 1966 ሞዴል ድረስ የፊቱና የኋላው ፍሬን በአንድ የዘይት መስመር ስለሚሠራ፥ አንዱ ቱቦ ቢያፈስ ሁሉም ይጠፋል። ከ1967 ወዲህ ለሁለት ስለ ተከፈለ፥ አሮጌውን በዚህ ዓይነት መለወጥ ከፈረስ ጉልበት ሁሉ ይቀድማል።

ብዙ ሰው የሚስተው ትንሽ ነገርም አለ። አዲሱ የጎማ ቦኮላ ያለበት ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው፥ መኪናው ከክሪክ ወርዶ በአራት ጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፥ መሬት በነካ ሰዓት ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ጊዜም ተቀዶ ሥራው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል።