የቦሎቄና የሥጋ ወጥ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ዴራን ያገኛል። ቦሎቄ ቶሎ የሚደርስ እህል ነው። ስለዚህ እንደ ዴራ ዝናብ ለሚያጥርበት አገር ይስማማል። አንዳንድ ሰው አደንጓሬ ይለዋል። ታዲያ ቦሎቄ ያለው ሰው ሁሉ አይበላውም። «ሆድ ይነፋል፤ ማገዶ ይጨርሳል» እያለ የሚተወው አለ።

እኔም ከተማ ያደግሁ ተማሪ ስለሆንኩ አበሳሰሉን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ቀይ ቦሎቄ ገዛሁና ሳልዘፈዝፍ ጣድሁት። ርቦኝ ስለነበረ ገና ሳይበስል በላሁት። ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ። የማድርበት ቤት እናት፣ «አንተ ልጅ፣ ቦሎቄ እኮ እንደ ምስር አይቸኮልበትም! ማታ ዘፍዝፈህ ነው የምታድረው» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልኩ። እሳቸው ያሳዩኝን ከመጽሐፍ ካነበብኩት ጋር አስተያይቼ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ቦሎቄ ለምን ይዘፈዘፋል? ለምንስ በደንብ ይፈላል?

ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይም ቀዩ፣ መርዝነት ያለው ነገር በውስጡ ይዟል። ጥቂት ፍሬ እንኳ ሳይበስል ቢበላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል፤ ተቅማጥም ያመጣል። ይህን መርዝ የሚያጠፋው የሚንተከተክ ውኃ ነው። ሳይፈላ ለብ ብሎ ቢውል መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይለኛ እሳት መፍላት አለበት።

መዘፍዘፉ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ስለሚያድር ቶሎ ይበስላል፤ ማገዶም ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ሆድ ከሚነፋው ነገር ከፊሉ ወደ ውኃው ስለሚወጣ ከውኃው ጋር ይደፋል።

አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አሰላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ደገኛው የአሰላ ሰው ዝቅ ብሎ ካለው ከዴራ ሰው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቀቀል አለበት።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው

ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ፣ ሩብ ኪሎ የበሬ ሥጋ፣ አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ቲማቲም፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው።

አሠራሩ

1. ማታ ቦሎቄው ተለቅሞ ይታጠባል። ከዚያም በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል።

2. ጠዋት ውኃው ይደፋል። ቦሎቄው ታጥቦ በአዲስ ውኃ ይጣዳል። ግማሽ ሰዓት በደንብ ከፈላ በኋላ እሳቱ ቀነስ ተደርጎ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ ይቀቀላል። የቆየ ቦሎቄ ከአዲሱ ይልቅ ይዘገያል።

3. በሌላ ድስት ሽንኩርቱ ይቁላላል። ዘይትና በርበሬ ይጨመራል። በርበሬው እንዳያርር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ መጨመር ነው።

4. ሥጋው በትንንሹ ተከትፎ ይገባል። ነጭ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ይከተላሉ። ሥጋው እስኪለሰልስ ድረስ ይበስላል።

5. የበሰለው ቦሎቄ ከጥቂት መቀቀያው ጋር ይጨመርበታል። ጨው ተደርጎበት ግማሽ ሰዓት አብሮ ይንተከተካል። ወጡ ወፈር ሲል ይወጣል።

ቲማቲሙ ከጥሬ ቦሎቄ ጋር አብሮ አይጣድም። የቲማቲም ኮምጣጣነት ቦሎቄው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል።

ጥቅሙ

በ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለ። ፕሮቲን የልጆችን ሰውነት የሚገነባ ነው። ቦሎቄ ለደም የሚሆን ብረትም አለው። ሥጋውና ቲማቲሙ ሰውነታችን ያንን ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳሉ። ሥጋው መብሰሉም ሌላ ጥቅም ነው፤ የኮሶ ትል የሚይዘው ጥሬ ወይም ለብለብ የከብት ሥጋ የሚበላን ሰው ነውና።

ይህን የመሰለ ወጥ በሩቅ አገርም ይሠራል። በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ ቺሊ የሚባል የበርበሬና የሥጋ ወጥ አለ። ብዙ ሰው ቦሎቄ ይጨምርበታል። በርበሬም ቦሎቄም መጀመሪያ የተገኙት በዚያው በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው። ወደ ሌላው ዓለም የተዛመቱት ከ1492 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ እንጀራ ጠበቃቸው።

ሩብ ኪሎ ሥጋ ብቻውን ስድስት ሰው አያጠግብም። ከግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ጋር ሲሆን ግን ለልጆችም ይደርሳል። በጾም ቀን ሥጋውን ትቶ በዚሁ መንገድ መሥራት ይቻላል። ዋናው ነገር ማታ መዘፍዘፍን አለመርሳት ነው።

ጥያቄ

1. ቦሎቄ የተዘፈዘፈበት ውኃ ለምን ይደፋል?
2. ቦሎቄ ሳይፈላ ለብ ብሎ ቢውል ምን ጉዳት አለው?
3. ከዴራና ከአሰላ ቦሎቄ ቶሎ የሚበስለው የት ነው? ለምን?